አቤት ለማለት ኢየሩሳሌም ልውጣ ወይስ ዝም ልበል?

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ካነበብኩ ቆየሁ፤ ለመጻፍ ግን ዛሬ ነው የደፈርኩት።

41 ዓመቴ ነው። የምኖረው ደቡብ እስራኤል ውስጥ ነው። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተንከባካቢ ሆኜ እሠራለሁ። በ2005 ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር መጣሁ። ታላቅ እህቴ ግን አግብታ ስለነበር ወደ እስራኤል የመምጫ ፋይሏ ለብቻ ሆነና ጎንደር ቀረች። «በሚቀጥለው ዙር ትመጣለች» ተባልን። ዙሩ ግን አልደረሳትም። ባሏ ሞቷል። ሦስት ልጆቿን ይዛ በኪራይ ቤት ትኖራለች። እናታችን ከሁለት ዓመት በፊት ስሟን እየጠራች አረፈች።

በሚቀጥለው ወር እንደ እኔ ቤተሰብ የቀረባቸው ሰዎች ኢየሩሳሌም፣ ክነሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) ፊት ለፊት ሰልፍ ይወጣሉ። ከሰፈራችን አውቶቡስ ይነሳል። ጎረቤቴ «ስምሽን ላስመዝግብ?» ብትለኝ መልስ አጣሁ። እኔ ሰልፍ ወጥቼ አላውቅም። ከቤተ እስራኤል የስግድ በዓል ሌላ ብዙ ሰው ያለበት ቦታ አልሄድም። የ2015ቱን የቴል አቪቭ ሰልፍ በቴሌቪዥን አይቼ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ባለቤቴ አይሆንም ባይ ነው። «ያጎረሰንን እጅ እንንከስ ወይ? ዝም አይነቅዝም» ይላል። ሰልፍ ከወጣሁ የእህቴን ፋይል እንደማበላሽባትም ይነግረኛል። እሱ በ1984 በሱዳን በኩል በልጅነቱ የመጣ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ወታደር የሆነችው የ19 ዓመት ልጄ ደግሞ «እማ፣ አብሬሽ እወጣለሁ» ትለኛለች። በሁለቱ መካከል ቆሜአለሁ።

አስተባባሪዎቹ የቀሩባችሁን ሰዎች ፎቶ ይዛችሁ ኑ ብለዋል። የእህቴን በትልቁ አሳተምኩት። ባለቤቴ እንዳያየው አልጋ ሥር ደበቅሁት። ልሂድ ወይስ ልቅር? እውነቱን ለመናገር መጮኽም አልችልበትም።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። አልጋ ሥር ያለው ፎቶ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ሰው የማይፈልገውን ፎቶ ገንዘብ ከፍሎ በትልቁ አያሳትምም። ስለዚህ ግማሽ ልብሽ አውቶቡሱ ውስጥ እንደተቀመጠ ይገባኛል። ግማሹ ደግሞ ከባልሽ ጋር ቤት ነው። እኔ አንዱን ግማሽ ጎትቼ ልወስድብሽ አልፈልግም። አብረን እንየው።

በመጀመሪያ እናትሽን ነፍስ ይማር። ልጇን ሳታይ መሄዷ ከዚህ ሁሉ ጥያቄ በታች ያለ ሐዘን ይመስለኛል። «ልሂድ ወይስ ልቅር» ስትዪኝ «ለእናቴ ያላደረግሁትን አሁን ላድርግ ወይ» የምትዪኝም መስሎ ተሰማኝ። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። አንቺ ራስሽ እስቲ ጠይቂው።

አሁን ወደ ከባዱ ፍርሃት ልምጣ። ፋይሉ። አንቺ ሰልፍ በመውጣትሽ እህትሽ ጎንደር ላይ ትቀጣለች ወይ? ጉዳዩ እንዴት እንደሚሄድ እናስታውስ። ማን ይመጣል የሚለው የሚወሰነው በመንግሥት ውሳኔ ነው፤ ውሳኔው ውስጥ ቁጥርና መስፈርት ይጻፋል። መስፈርቱ ስለ ዘር ሐረግ፣ እዚህ ስላለ የቅርብ ዘመድ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጠባበቁ ነው። እህቱ ሰልፍ የወጣችበት ሰው ይሰረዝ የሚል መስፈርት የለም። ሰላማዊ ሰልፍ መውጣት እዚህ አገር የዜጋ መብት ነው፤ አንቺ ደግሞ ዜጋ ነሽ። ግን የእኔ ቃል ብቻ አይብቃሽ። ለኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን የሕግ ድጋፍ የሚሰጠው «ጠበቃ» የሚባለው ድርጅት አለ፤ ስሙም የእኛው ቃል ነው። ደውለሽ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቂ። ከተቻለ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጊውና ባልሽም ይስማ። ከእኔና ከአንቺ ይልቅ ሦስተኛ ሰው ሲናገረው ይቀለዋል።

የፋይል ነገር ከተነሳ አንድ የማስታውሰው አለ። በኖቬምበር 2015 ካቢኔው 9,000 ያህል ሰው ከኢትዮጵያ እንዲመጣ ወሰነ። ሁላችንም እልል አልን። ጥቂት ወራት አለፉና «በጀት የለም» ተባለ። ውሳኔው ወረቀት ላይ ቀረ። ያኔ አብርሃም ንጉሤና ዴቪድ አምሳለም የተባሉ ሁለት የገዢው ፓርቲ የክነሴት አባላት ከወገናቸው ጋር ድምፅ አንሰጥም ብለው ቆሙ። ኤፕሪል 2016 ላይ ስምምነት ተደረሰ። ከዚያ ወዲህም ነገሩ በቁንጥር ነው የሄደው፤ በ2020 ለ2,000 ሰው፣ በ2021 ለ3,000 ሰው ተወሰነ። ይህን የማነሳው ተስፋሽን ለማሳበጥ አይደለም። አንድ ሰልፍ ወጥተሽ በሳምንቱ እህትሽ ቤን ጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አትወርድም። ግን ፋይሎቹ ዝም ስንል በራሳቸው ተነሥተው እንዳልሄዱም አይተናል።

አሁን ስለ ባልሽ ላውራ፤ ምክንያቱም ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

በ1984 በልጅነቱ በሱዳን በኩል መጣ ብለሻል። ያ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ግን ከዚህ ነገር ጋር አገናኝተሽው ታውቂያለሽ? እነዚያ ልጆች የተማሩት የመጀመሪያ ትምህርት ዝምታ ነው። በሌሊት ሲጓዙ «ዝም በል» ተባሉ። ሱዳን፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር ውስጥ አይሁድ መሆናቸው እንዳይታወቅ አፋቸውን ዘጉ። በመንገድና በሰፈሮቹ 4,000 ያህል ወገኖቻችን አለቁ። ከዚያ የሙሴ ዘመቻ ተጀመረ፤ አውሮፕላኖቹ በምስጢር ሰው ወደ እስራኤል ማመላለስ ያዙ። ጃንዋሪ 1985 ላይ ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሱዳን በረራውን አስቆመች። ሰዎች እዚያው በረሃ ቀሩ፤ የአንዱ ልጅ እዚህ፣ እናቱ እዚያ።

እንግዲህ ባልሽ «ከጮኽሽ ታበላሺባታለሽ» ሲልሽ ከየት እንዳመጣው አየሽ? እሱ በዓይኑ አይቶታል፤ ወሬው ሲወጣ አውሮፕላኑ ቆመ። በረሃው ውስጥ የደረሰው ዝም ያለው ነው። ፈሪ አትበይው። የአገሩ አሽቃባጭም አይደለም። ያ ዝምታ ሕይወቱን አትርፎለታል።

ልዩነቱ ያኔ የተደበቀው ነገር የጠላት አገር እንዳይሰማ ነበር። የዛሬው ጥያቄ የተጻፈ፣ በአደባባይ የተወሰነ፣ በክነሴት ኮሚቴ በማይክሮፎን የሚወራ ነው። የሚደበቅ ነገር የለውም። ይህን በክርክር ሳይሆን በጥያቄ አምጪለት። አንድ ማታ ቡና አፍይና «ሱዳን እያላችሁ ዝም በሉ ያላችሁ ማን ነበር?» በዪው። ስለ ሰልፉ አታንሺ። ስለ እህትሽም አታንሺ። ዝም ብለሽ ስሚው። ምናልባት በ20 ዓመት ትዳር ያልነገረሽን ይነግርሽ ይሆናል።

«ያጎረሰንን እጅ» ስለሚለው ደግሞ አንድ ታሪክ አለኝ፤ እሱም ሳያውቀው አይቀርም። በዚያው በ1985 ዓመት፣ በረራው ከቆመ ጥቂት ወራት በኋላ ነው። ገና ዕብራይስጥ በቅጡ ያልገባቸው፣ የአገሩ ልብስ ገላቸው ላይ ያልተላመደ አባቶቻችንና እናቶቻችን ኢየሩሳሌም ወጡ። የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት «ለመጋባት መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ተነከሩ» ብሏቸው ነበር፤ አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል ማለት ነው። የዚያ ጽሕፈት ቤት ሕንፃ በሆነው ሄኻል ሽሎሞ ፊት ለፊት መንገድ ላይ ተቀመጡ። አንድ ወር ገደማ ተቀመጡ። የሃይማኖት መሪዎቻችን ቄሶቹ አብረዋቸው ነበሩ። የጠየቁትን ሁሉ አላገኙም። ግን አገሩን ስለጠሉት አይደለም እዚያ የተቀመጡት። ቤታችን ነው ብለው ስላመኑ ነው። ለእንግዳ ቤት ማንም አቤት አይልም።

እንዲያውም ይህ «ሀፍጋና» ብለን በዕብራይስጥ የምንጠራው ሰልፍ ለእኛ እንግዳ ነው የሚሉ ሰዎች ያስገርሙኛል። ድሮ ጎንደር የተበደለ ሰው ንጉሡ ደጅ ሄዶ «ጃንሆይ! አቤት! አቤት!» ይል አልነበረም? ባልሽ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ተርቶብሻል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚልም ተረት አለን። ለጠብ ሳይሆን ለሣቅ ከሆነ መልሺለት።

አሁን ሰልፉ ራሱ። ሁሉም ነገር ሰላም ነው ብዬ አላታልልሽም።

የመጀመሪያ ሰልፌ ጃንዋሪ 1996 ነበር። የለገስነው ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር የተሰማ ጊዜ። 22 ዓመቴ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት 10,000 የሚሆን ሰው ወጣ። እኔ ሠርግ የምሄድ ይመስል አዲስ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጌ ነበር። ለምን ቢባል ብዙ ሰው ያየናል፤ አምሮብን እንታይ ብዬ! ጠዋት ዘፈንን፣ አለቀስን፣ ጸለይን። ከሰዓት ነገሩ ተበላሸ። ድንጋይ ተወረወረ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ውኃ ተረጨ። እናቴ ነጠላዋን ከሁለት ቀድዳ አንዱን አፌ ላይ አሰረችልኝ። እጄን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችኝ። ማታ ቤት ስገባ ግን ሁለቱም ተረከዞቼ ቆስለው ደም ያዘሉት ከፖሊስ ሳይሆን ከጫማው ነው። ሳምንት በነጠላ ጫማ ሄድኩ።

አንቺ ያየሽው የሜይ 2015ቱ የቴል አቪቭ ሰልፍም እንዲሁ ነው። ደማስ ፓካዳ የሚባለው ወታደር ሲደበደብ በቪዲዮ ታይቶ የተቆጣ ወጣት ነው የወጣው። ቀኑን ሙሉ ሰላማዊ ነበር። ሲመሽ ራቢን አደባባይ ላይ ተደባለቀ፤ ፈረሰኛ ፖሊስ ገባ፣ ብዙ ሰው ተጎዳ። በቴሌቪዥን የታየሽ የመጨረሻዎቹ ሰዓታት ናቸው። ካሜራ የሚወደው እነሱን ነው። ሕጻን አዝለው ቆመው ወደ ቤታቸው የተመለሱት ሺዎች ዜና አይሆኑም።

የቤተሰብ ሰልፎች ከዚያ ይለያሉ። የሚመጡት በብዛት እናቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ቄሶች፣ ፎቶ ያቀፉ ሰዎች ናቸው። ስግድ ላይ ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ስትወጪ የምታያቸው ሰዎች ናቸው። ያንን መንገድ ታውቂዋለሽ። ሌሊት ተነሥቶ አውቶቡስ መጠበቅ፣ ዳቦ መቋጠር፣ ጃንጥላ መያዝ፣ ከዘመድ ጋር ድንገት መገናኘት። እንደዚያ አስቢው።

ቢሆንም ከመመዝገብሽ በፊት ጎረቤትሽን ጥቂት ነገር ጠይቂያት። የፖሊስ ፈቃድ ወጥቷል ወይ? በዚህ አገር 50 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ የፖለቲካ ንግግር ሲያደርግ ወይም አብሮ ሲራመድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ንግግርና ጉዞ ሳይኖር ቆሞ ጽሑፍ መያዝ ብቻ ከሆነ ፈቃድ አይጠየቅም። የእናንተ የትኛው ነው? አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ይመለሳል? አስተባባሪው ማን ነው፣ ስልኩስ? መንገድ ለመዝጋት ያሰበ አለ ወይ? መንገድ መዝጋት ሌላ ነገር ነው፤ ከተጀመረና ካልፈለግሽ ተነሥተሽ ራቅ በዪ። ማንም አይቀየምሽም። ቢቀየምም ግድ የለም።

መጮኽ አልችልም ብለሻል። ማን ጩኺ አለሽ? ሜጋፎን የያዘ ሰው ሁሌም አይጠፋም፤ እንዲያውም የሜጋፎን ባለቤት ይበዛል። ፎቶ ይዞ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው ነው የሚያንሰው። አንቺ ዝምታሽን ይዘሽ መውጣት ትችያለሽ። ጋዜጠኛ ማይክ ቢያቀርብልሽ «ይቅርታ፣ አልናገርም» ማለት ይበቃል። መናገር ከፈለግሽ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር በዕብራይስጥ አጥኚ። «እህቴ ናት፤ ከ2005 ጀምሮ እየጠበቅኋት ነው።» ልጅሽ ታስጠናሽ። ከዚያ ውጭ አትሂጂ።

ፎቶውን በተመለከተ ግን አንድ የዘለልሽው ሰው አለ። እህትሽ። ጠይቀሻታል? ደብዳቤሽ ውስጥ ባልሽ አለ፣ ልጅሽ አለች፣ ጎረቤትሽ አለች፣ እኔም ገብቻለሁ። የእሷ ድምፅ የለም። ፊቷ ክነሴት ፊት ከታየ ጎንደር ያለው አከራይዋም በስልኩ ሊያየው ይችላል። ከኦገስት 2023 ወዲህ ከተማው ሰላም የሰፈነበት አይደለም። «እስራኤል ሊወስዷት ነው» የሚል ወሬ ኪራይ ሊያስጨምር ይችላል፤ ፋይልሽን ላፋጥንልሽ የሚል አጭበርባሪም ሊያመጣ ይችላል። ወይም ደግሞ በተቃራኒው «ዓይኔ ይታይ፣ ስሜም ይጻፍ» ልትልሽ ትችላለች። ይህን የምትወስነው እሷ ናት። ኔትወርክ በተገኘ ጊዜ ደውይና ጠይቂያት። ፊቷ እንዲታይ ካልፈለገች የእናትሽን ፎቶ ያዢ። ወይም ስም የሌለበት ወረቀት ላይ ዓመቱን ብቻ ጻፊ።

ስለ ልጅሽ ጥንቃቄ አድርጊ። በአገልግሎት ላይ ያለ ወታደር ዩኒፎርም ለብሶ ሰልፍ መገኘት ክልክል ነው። በራሷ ልብስ ቢሆንም ገደብ አለበት። አዛዥዋን ሳትጠይቅ አትምጣ። «አብሬሽ እወጣለሁ» ማለቷ ደስ ያሰኛል፤ ግን አንቺን አጅባ ወጥታ እሷ ብትቀጣ ለባልሽ ምን ልትዪው ነው? በምትኩ ከቤት ሆና ትከታተልሽ። በየሰዓቱ አንድ መልእክት ላኪላት። እሷም ያረካታል፣ አንቺም ትረጋጊያለሽ።

ሥራ ቦታ አትዋሺ። አንዲት የማውቃት ሴት «ሆዴን ታምሜአለሁ» ብላ ቀርታ ማታ ዜና ላይ ባንዲራ ስታውለበልብ አለቃዋ አይታታለች። እስካሁን «ሆድሽ ተሻለሽ?» ይሏታል። ፈረቃሽን ከጓደኛ ጋር ቀይሪ፤ ወይም የዕረፍት ቀን ጠይቂ። ለምን እንደሆነ መናገር የለብሽም።

የምትሄጂ ከሆነ ለብሰሽው የምትሠሪበትን ጫማ አድርጊ። የመጦሪያ ቤት ጫማ ቀኑን ሙሉ ያቆማል፤ ከእኔ ትሻያለሽ። ኢየሩሳሌም ከእናንተ ከተማ ከፍ ያለች ናት፤ ፀሐይም ቢኖር ሹራብ ያዢ፣ ነፋሱ አጥንት ይገባል። መታወቂያሽን አትርሺ። ውኃ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተሞላ ስልክ። የአስተባባሪውንና የልጅሽን ቁጥር በወረቀትም ጻፊ፤ ስልክ ሲሞት ሰው ቁጥር በቃሉ አያውቅም። ከጎረቤትሽ ጋር ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ገና ከአውቶቡሱ እንደወረዳችሁ ተነጋገሩ። ዳር ዳሩን ቁሚ እንጂ መካከል አትግቢ። ዳር ያለ ሰው ሲፈልግ ይወጣል።

ከእኛው ወገን ሆኖ «የቀሩት መምጣት የለባቸውም» የሚል ሰው ሊገጥምሽም ይችላል። ማኅበረሰባችን በዚህ ጉዳይ አንድ አፍ የለውም። መልስ አትስጪው። የመጣሽው ከእሱ ጋር ለመጣላት አይደለም።

ፖሊስ መታወቂያ ከጠየቀሽ አሳዪ። ቢያስቆሙሽ በትኅትና «ለምን እንደሆነ ልወቅ» በዪ። ይህ ይደርስብሻል ብዬ አላስብም፤ ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ስለሆነ ልንገርሽ። ቢይዙሽ ጠበቃ የማነጋገር መብት አለሽ። ምርመራውም በምትረዪው ቋንቋ መሆን አለበት። በአማርኛ ይተርጎምልኝ ማለት ትችያለሽ። ያልገባሽን ወረቀት አትፈርሚ።

እንዲህ ሁሉ ብዬ መቅረትም አለ። አውቶቡሱ የተነሳ ጠዋት ሆድሽ «አይ» ካለሽ ቅሪ። እህትሽን ትወጃት እንደሆነ የሚለካው በአንድ ሰልፍ አይደለም። ክነሴት ውስጥ የዓሊያ (ወደ እስራኤል የመምጣት) እና የመቀላቀል ጉዳይ ኮሚቴ አለ፤ ስለነዚህ ቤተሰቦች ሲነጋገር ዘመዶች እየተጋበዙ ይናገራሉ። እዚያ ደብዳቤ መላክ ይቻላል። ልጅሽ በዕብራይስጥ ትጻፍልሽ፣ አንቺ ፈርሚ። የእህትሽን ስም፣ የልጆቿን ቁጥር፣ እናትሽ መቼ እንዳረፈች። አንድ ገጽ ይበቃል። ይህን ሰልፍ ሄደሽም ሳትሄጂም ማድረግ ትችያለሽ።

አንድ መካከለኛ መንገድም አለ። ሄደሽ አንድ ሰዓት ብቻ ቆመሽ፣ ከደከመሽ አውቶቡሱ ውስጥ ገብተሽ መቀመጥ። ብዙ እናቶች እንዲያ ያደርጋሉ። ሹፌሩም ሬዲዮ ከፍቶ አብሮ ይቀመጣል።

ባልሽ ፈቃድ ካልሰጠኝ ትዪ ይሆናል። እኔ በትዳርሽ ውስጥ አልገባም። ግን ከእሱ ተደብቀሽ አትሂጂ። ከተጣላችሁ በኋላ የሚቀረው የሰልፉ ነገር አይሆንም፤ መደበቁ ነው። «እኔ መሄድ እፈልጋለሁ፤ አንተ የምትፈራውም ገብቶኛል። አውቶቡሱ ጋ አድርሰኝና ማታ ተቀበለኝ» ብትዪውስ? ሰልፉን መደገፍ አይጠበቅበትም። ሚስቱን ማድረስ ግን ይችላል። እምቢ ካለ ጎረቤትሽ ታድርስሽ፤ ያንንም ነግረሽው ሂጂ።

ከዚህ በፊት ግን ዛሬ ማታ ፎቶውን ከአልጋ ሥር አውጪው። ወረቀት እዚያ ይታጠፋል፣ አቧራም ይገባበታል። ሳሎን አድርጊው። ባልሽ «ይህ ምንድነው?» ካለሽ «እህቴ ናት» በዪው። ከዚያ ምን እንደተባባላችሁ ጻፊልኝ።